ፒ-ቫልዩ የተለዋዋጭ ዳኛ አይደለም፦ ለአንድ የሪግሬሽን «ቀላል መመሪያ» የተሰጠ ምላሽ

የሪግሬሽን (አንድን ውጤት በሌሎች ተለዋዋጮች የሚያስረዳ ሞዴል) ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ ለጀማሪዎች የሚያስረዳ አንድ «ቀላል መመሪያ» በተማሪዎችና በተመራማሪዎች መካከል እጅ በእጅ እየተላለፈ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የሶፍትዌሩን ሰንጠረዥ የመጨረሻ ዓምድ እዩ፤ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች ከሆነ ተለዋዋጩ ተፅዕኖ አለው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የለውም፤ ተፅዕኖ የሌላቸውን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ጣሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ትክክለኛው ሞዴል ነው። መመሪያው ሦስት ነገር ያክላል። ፒ-ቫልዩ ፓራሜትሩ (የተለዋዋጩን ተፅዕኖ የሚወክለው ያልታወቀ እውነተኛ ቁጥር) ዜሮ የመሆኑ ዕድል ነው ይላል። ዋልድም ሆነ ላይክሊሁድ ሬሺዮ የሚባሉት ፍተሻዎች ያው መልስ ስለሚሰጡ የትኛውን መጠቀም ለውጥ የለውም ይላል። አንድ ተለዋዋጭ በአንዱ ቡድን ጉልህ (ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በታች) ሆኖ በሌላው ካልሆነም ቡድኖቹ እንደሚለያዩ ተረጋገጠ ይላል።

የመመሪያው ጸሐፊ ልክ ያሉት ነገር አለ። ግምት ያለ ስታንዳርድ ኤረር (ግምቱ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚለካው ቁጥር) መቅረብ የለበትም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ቲ ግምቱን ለስታንዳርድ ኤረሩ በማካፈል እንደሚገኝም አጥርተው አሳይተዋል። ጣጣው የሚመጣው ቲን ስለ ተለዋዋጩ የተሰጠ ፍርድ አድርገው ሲያነቡት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ፍተሻው በእርግጥ ምን እንደሚያወዳድር ካየን በኋላ ወደየነጥቡ እንሄዳለን።

ሦስት ነጻ ተለዋዋጮች ያሉት ቀጥታ ሪግሬሽን አለን እንበል። የሦስተኛው ተለዋዋጭ ኮኢፊሸንት (ተለዋዋጩ የሚባዛበት ቁጥር) ዜሮ ነው የሚለውን ባዶ መላምት መፈተን ማለት ሁለት ሞዴሎችን ማወዳደር ነው። አንደኛው ሦስቱንም ይይዛል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን አውጥቶ የቀሩትን ሁለቱን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሞዴል በትንበያውና በተመዘገበው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በካሬ ተደምሮ ይሰላል። የሁለቱ ድምሮች ልዩነት በወጡት ፓራሜትሮች ቁጥር ይካፈላል፤ የሙሉው ሞዴል ድምር ደግሞ በቀሩት የዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ቁጥር (የመዝገቦቹ ብዛት ሲቀነስ የፓራሜትሮቹ ብዛት) ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ኤፍ ይገኛል። የወጣው ፓራሜትር አንድ ብቻ ከሆነ ይህ ኤፍ በሰንጠረዡ ላይ ካለው የቲ ካሬ ጋር ፍጹም እኩል ነው። ስለዚህ በሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ፒ-ቫልዩ የሚመልሰው «ሦስተኛው ተለዋዋጭ ይጠቅማል ወይ?» የሚለውን አይደለም። «ሁለቱ ቀድመው ገብተው ሳለ፣ ሦስተኛውን መጨመር ስህተቱን በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ይቀንሳል ወይ?» የሚለውን ነው። አብረው የገቡት ሲቀየሩ ጥያቄውም ይቀየራል።

ይህን በእጅ ለሚሞክር ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁለቱም ሞዴሎች በእነዚያው መዝገቦች (የዳታው ረድፎች) ላይ መሰላት አለባቸው። ሦስተኛው ተለዋዋጭ በ12 መዝገቦች ላይ ባዶ ከሆነ ሶፍትዌሩ እነዚያን 12 ከሙሉው ሞዴል ብዙ ጊዜ ሳይናገር ይጥላቸዋል፤ ተለዋዋጩ ሲወጣ ደግሞ ይመልሳቸዋል። ያን ጊዜ የምናወዳድረው ሁለት ሞዴል ብቻ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ዳታም ነው፤ የሚወጣው ኤፍ ትርጉም የለውም። አንዳንድ ሶፍትዌር ያስጠነቅቃል፣ ሁሉም ግን አያደርገውም። ከማወዳደር በፊት የሁለቱን የመዝገብ ብዛት ማየት ይበቃል።

«ፒ-ቫልዩ ፓራሜትሩ ዜሮ የመሆኑ ዕድል ነው»

አይደለም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ-ቫልዩ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ አስፍሯል። ግምቱ 1.8፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.75፣ መዝገቡ 40፣ የፓራሜትሮቹ ቁጥር ቋሚውን ጨምሮ 4 ይሁን። ቲ 2.4፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 36፣ ፒ-ቫልዩ ደግሞ 0.022 ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር የተሰላው ፓራሜትሩ ዜሮ ነው ብሎ በመነሳት ነው፦ እውነተኛው ዋጋ ዜሮ ቢሆንና የሞዴሉ ሌሎች ታሳቢዎች ሁሉ ቢሟሉ፣ በፍጹም ዋጋው 2.4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቲ ከ100 ናሙና በ2ቱ ገደማ ይወጣል ማለት ነው። ዜሮ መሆኑን እንደ መነሻ ወስዶ የተሰላ ቁጥር ተመልሶ የዜሮነቱ ዕድል ሊሆን አይችልም።

ልዩነቱ በተግባር ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ይታያል። 100 ኮኢፊሸንቶች ተፈተኑ እንበል፤ 80ዎቹ በእውነት ዜሮ ናቸው፣ 20ዎቹ አይደሉም፤ ፍተሻው እውነተኛ ተፅዕኖን የማግኘት አቅሙ ደግሞ 50 በመቶ ነው። በ0.05 መስፈርት ከ80ዎቹ 4ቱ፣ ከ20ዎቹ 10ሩ «ጉልህ» ሆነው ይወጣሉ። በጠቅላላው 14 ናቸው፤ ከእነዚህ 4ቱ፣ ማለትም 29 በመቶ የሚሆኑት፣ ባዶ ናቸው። መመሪያው እንደሚለው ቢሆን ከ5 በመቶ ባልበለጡ ነበር። የፍተሻው አቅም ሲቀንስ፣ ወይም በእውነት ዜሮ የሆኑት ሲበዙ፣ ድርሻው ይብሳል።

«ከ0.05 በላይ ከሆነ ተፅዕኖ የለውም»

በዚያው ሰንጠረዥ ሌላ መስመር ላይ ግምቱ 0.9፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.6 ቢሆን ቲ 1.5፣ ፒ-ቫልዩ 0.14 ገደማ ነው። ለ36 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም የ5 በመቶ ወሰኑ 2.03 ስለሆነ፣ የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ ከ−0.32 እስከ 2.12 ይዘልቃል። ዳታው ዜሮን አይከለክልም፤ 2ንም አይከለክልም። 2 ያህል ለውጥ በጉዳዩ ትልቅ የሚባል ከሆነ ትክክለኛው ንባብ «አልታወቀም» እንጂ «የለም» አይደለም። «የለም» ማለት የሚቻለው ክልሉ በሙሉ ከቁም ነገር በማይቆጠሩ ዋጋዎች ውስጥ ሲወድቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከቁም ነገር የማይቆጠረው እስከ ስንት ድረስ እንደሆነ ዳታው ከመታየቱ በፊት መወሰን አለበት።

በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ነው። በ100,000 መዝገቦች ላይ ተዛምዶው 0.01 ብቻ ቢሆን ቲ 3.16፣ ፒ-ቫልዩ 0.0016 ይሆናል። ተለዋዋጩ የሚያስረዳው ግን ከጠቅላላው ልዩነት 0.01 በመቶውን ነው።

«ጉልህ ያልሆኑትን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ጣሉ»

በመመሪያው ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ምክር ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት የተለያየ ችግር አለበት።

የመጀመሪያው የተዛመዱ ተለዋዋጮች ጉዳይ ነው። 30 መዝገብ፣ ሁለት ነጻ ተለዋዋጮች አሉን። እያንዳንዳቸው ከውጤቱ ጋር ያላቸው ተዛምዶ 0.60፣ እርስ በርሳቸው ያላቸው ደግሞ 0.95 ነው። ሁለቱም ሲገቡ አር-ስኩዌር (ሞዴሉ የሚያስረዳው የልዩነት ድርሻ) 0.369 ይሆናል፤ የእያንዳንዳቸው ስታንዳርዳይዝድ ኮኢፊሸንት (ተለዋዋጮቹ በአንድ የጋራ ሚዛን ተለክተው) 0.31፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.49፣ ቲ 0.63፣ ፒ-ቫልዩ ከ0.5 በላይ። መመሪያውን ይዞ የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ያየ ሰው ሁለቱም አይጠቅሙም ብሎ ይደመድማል። የሁለቱን ኮኢፊሸንቶች በአንድነት ዜሮ መሆን የሚፈትነው ኤፍ ግን 7.9 ነው፤ በ2 እና በ27 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ፒ-ቫልዩው 0.002። አንዱ ወጥቶ ሌላው ብቻውን ቢቀር ደግሞ ቲ 3.97 ይደርሳል።

እዚህ ላይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የለም። እያንዳንዱ መስመር «ጓደኛው ገብቶ ሳለ ይህኛው ምን ይጨምራል?» ለሚለው «ብዙ አይጨምርም» ብሎ መልሷል፤ ኤፍ ደግሞ «ሁለቱም ባይኖሩስ?» ለሚለው «ብዙ ይጎድላል» ብሏል። የ0.95 ተዛምዶ የስታንዳርድ ኤረሩን ካሬ 10.3 ጊዜ፣ ስታንዳርድ ኤረሩን ራሱን 3.2 ጊዜ ያሳድገዋል። አንዱን ጥሎ ሌላውን ማስቀረት ለትንበያ ላይጎዳ ይችላል፤ «የተጣለው ምክንያት አይደለም» ማለት ግን ዳታው ያልተናገረውን ማናገር ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚጣል በናሙናው ውስጥ ያሉ ጥቂት መዝገቦች ሊወስኑት ይችላሉ።

ምድቦች ያሉት ተለዋዋጭም በአንድነት ነው የሚፈተነው። አራት ምድብ ያለው ተለዋዋጭ ሦስት ኮኢፊሸንት ይዞ ይገባል፤ ሦስቱም ከማነጻጸሪያው ምድብ ያላቸውን ርቀት ይለካሉ። ማነጻጸሪያው ሲቀየር በሰንጠረዡ ላይ ያሉት ፒ-ቫልዩዎች ሊቀየሩ ይችላሉ፤ የሞዴሉ ትንበያ ግን ንቅንቅ አይልም። «ምድብ ሁለት ጉልህ አይደለም» ብሎ እሱን ብቻ ማውጣት ሳይታወቅ ከማነጻጸሪያው ጋር መቀላቀል ነው። ሦስቱ ኮኢፊሸንቶች በ3 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም በአንድ ኤፍ ይፈተኑ፤ ወይ አብረው ይቆዩ፣ ወይ አብረው ይውጡ።

ሁለተኛው ችግር ከማጣራት በኋላ የሚነበበው ፒ-ቫልዩ ነው። ከውጤቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው 20 ተለዋዋጮች እያንዳንዳቸው በ0.05 ቢፈተኑና ፍተሻዎቹ ነጻ ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንዱ ጉልህ ሆኖ የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ዴቪድ ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር በተፈጠረ ዳታ) አሳይቷል። 100 መዝገብና 50 ተለዋዋጭ፣ ሁሉም የዘፈቀደ ቁጥር፣ አዘጋጀ፤ በመጀመሪያው ዙር በ25 በመቶ መስፈርት የተረፉትን 15 ብቻ ይዞ ሪግሬሽኑን ደገመ። በሁለተኛው ዙር ከ15ቱ 6ቱ በ5 በመቶ መስፈርት ጉልህ ሆኑ። ምንም ከሌለበት ዳታ የሚያምር ሰንጠረዥ ወጣ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው፦ ተለዋዋጮቹን የመረጠው ዳታ፣ ምርጫው ትክክል መሆኑን እንዲመሰክርም የተጠራው ያው ዳታ።

የሰንጠረዡ ፒ-ቫልዩ የሚሰላው ሞዴሉ ዳታው ከመታየቱ በፊት ተወስኗል በሚል ታሳቢ ነው። ተለዋዋጮቹን በዳታው መምረጥ ግድ ከሆነ መዝገቡን አስቀድሞ በዘፈቀደ ለሁለት መክፈል፣ በአንደኛው መምረጥ፣ ኮኢፊሸንቶቹን በሁለተኛው መፈተን ይቻላል። ናሙናው ስለሚያንስ አቅም ይቀንሳል፤ ዋጋው ያ ነው። ዓላማው ትንበያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፒ-ቫልዩን ትቶ ባልታየ ዳታ ላይ ያለውን ስህተት መለካት ይሻላል።

«የትኛውም ፍተሻ ያው መልስ ይሰጣል»

ናሙናው እጅግ ትልቅ ከሆነና ባዶ መላምቱ እውነት ወይም ለእውነት በጣም የቀረበ ከሆነ፣ ዋልድ፣ ስኮርና ላይክሊሁድ ሬሺዮ ይቀራረባሉ። ጸሐፊው ይህን የታወቀ ውጤት ቅድመ ሁኔታውን ቆርጠው አቅርበውታል። ዋልድ ሙሉውን ሞዴል ብቻ አስልቶ፣ ግምቱ ከዜሮ በስንት ስታንዳርድ ኤረር እንደራቀ ይለካል። ስኮር የተገደበውን ሞዴል (ተለዋዋጩ የወጣበትን) ብቻ አስልቶ የላይክሊሁዱን፣ ማለትም ሞዴሉ ለታየው ዳታ የሚሰጠውን ዕድል፣ ዳገት እዚያው ይለካል። ላይክሊሁድ ሬሺዮ ሁለቱንም አስልቶ የሎግ ላይክሊሁዶቻቸውን ልዩነት በ2 ያባዛል። በትልቅ ናሙና ይህ ቁጥር ባዶ መላምቱ እውነት ሲሆን ካይ-ስኩዌር የሚባለው ሥርጭት እንደሚኖረው የስታቲስቲክስ ሊቁ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1938 አረጋግጧል።

አሁን በሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ውጤቱ «ተሳካ» ወይም «አልተሳካም» ሲሆን የሚሠራበት) እንያቸው። ሁለት ቡድን፣ እያንዳንዳቸው 20 ሰው። በመጀመሪያው 10ሩ ተሳክቶላቸዋል፤ ይህን ሳንነካ በሁለተኛው የተሳካላቸውን 18፣ 19፣ 20 እያልን እንጨምር። በ18 የሎግ ኦድስ (የተሳካላቸው ለልተሳካላቸው ያላቸው ንጽጽር ሎጋሪዝም) ልዩነቱ 2.20፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.87፣ የዋልድ ዜድ 2.53፤ የላይክሊሁድ ሬሺዮ ካይ-ስኩዌር 8.14። በ19 ልዩነቱ 2.94፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 1.12፣ የዋልድ ዜድ 2.63፤ ላይክሊሁድ ሬሺዮ 11.39። በፒ-ቫልዩ ዋልድ 0.009 ሲል ላይክሊሁድ ሬሺዮ 0.0007 ይላል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ። የዋልድ ዜድ ካሬ 6.92፣ ስኮር 10.16 ነው። በ20 ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ግምቱ ወሰን የለሽ ስለሚሆን ሶፍትዌሩ እንደ ማቆሚያ መስፈርቱ አንድ ትልቅ ቁጥር ላይ ይቆማል፣ ስታንዳርድ ኤረሩ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል፣ የዋልድ ፒ-ቫልዩ ወደ 1 ይጠጋል። ላይክሊሁድ ሬሺዮ 17.26 ነው፤ ፒ-ቫልዩው 0.00003 ገደማ።

ማስረጃው ሲጠነክር የዋልድ ፍተሻ ሊዳከም እንደሚችል ሃውክና ዶነር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳዩት ጉዳይ ነው። ምክንያቱ ስታንዳርድ ኤረሩ የሚለካው በግምቱ ቦታ መሆኑ ነው፤ ግምቱ ከዜሮ ሲርቅ ላይክሊሁዱ እዚያ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ስታንዳርድ ኤረሩም ከግምቱ ፈጥኖ ያድጋል። መመሪያውን የተከተለ ሰው በ20ው ጊዜ ከሁሉ የጠነከረውን ተለዋዋጭ «ፒ-ቫልዩው 0.99 ነው» ብሎ ይጥለዋል። በሎጂስቲክ ሰንጠረዥ ላይ ከ10 በላይ የሆነ ኮኢፊሸንትና ከእሱ ብዙ እጥፍ የሆነ ስታንዳርድ ኤረር ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ከፒ-ቫልዩው በፊት የተለዋዋጩንና የውጤቱን የመስቀለኛ ቆጠራ ማውጣትና ዜሮ የሆነ ሕዋስ መኖሩን ማየት ነው። ካለ፣ ፍተሻውን በላይክሊሁድ ሬሺዮ ማድረግ፤ ግምቱ ራሱ ካስፈለገ የፈርዝን የተቀጣ ላይክሊሁድ (ግምቱ ወሰን የለሽ እንዳይሆን የሚገታ ዘዴ) መጠቀም ይቻላል።

ዋልድ ሌላም ጠባይ አለው፤ ፓራሜትሩ የተጻፈበት ሚዛን ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል። በ19ኙ ምሳሌ የሎግ ኦድስ ልዩነቱ ዜሮ መሆኑን ትተን ኦድስ ሬሺዮው (የሁለቱ ቡድኖች ኦድስ አንዱ ለሌላው ሲካፈል) 1 መሆኑን እንፈትን፤ መላምቱ ያው ነው። ግምቱ 19፣ በተለመደው ቀመር የተሰላው ስታንዳርድ ኤረር 21.3፣ ዜድ 0.85፣ ፒ-ቫልዩ 0.40። ላይክሊሁድ ሬሺዮ በሁለቱም ሚዛን 11.39 ነው።

«በአንዱ ጉልህ፣ በሌላው አይደለም፤ ስለዚህ ይለያያሉ»

በአንደኛው ቡድን ኮኢፊሸንቱ 0.42፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.16፣ ፒ-ቫልዩ 0.009 ነው። በሁለተኛው 0.24፣ 0.15 እና 0.11። መመሪያው እዚህ ላይ ልዩነት አለ ብሎ ይዘጋዋል። ልዩነቱን ራሱን እንፈትነው፦ 0.42 ሲቀነስ 0.24 እኩል ነው 0.18። ቡድኖቹ ነጻ ናሙናዎች ከሆኑ የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር የሁለቱ ስታንዳርድ ኤረሮች ካሬ ድምር ስኩዌር ሩት ነው፤ 0.22። ዜድ 0.82፣ ፒ-ቫልዩ 0.41። ልዩነት ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። ቡድኖቹን በአንድ ሞዴል አስገብቶ የቡድንና የተለዋዋጩን ኢንተራክሽን (የተለዋዋጩ ተፅዕኖ ከቡድን ቡድን የሚለያይበትን መጠን) መፈተን ይህንኑ ጥያቄ በቀጥታ ይጠይቃል። ሁለቱ ኮኢፊሸንቶች የአንድ ሞዴል ሁለት ተለዋዋጮች ከሆኑ ግን ግምቶቻቸው አብረው ስለሚለዋወጡ ኮቫሪያንሱ (አብሮ የመለዋወጣቸው መጠን) በ2 ተባዝቶ ከካሬዎቹ ድምር መቀነስ አለበት፤ እሱን ለማግኘት የግምቶቹን የኮቫሪያንስ ማትሪክስ ከሶፍትዌሩ ማስወጣት ያስፈልጋል፣ በተለመደው ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

መመሪያው ሳይነካቸው ያለፋቸው

የመመሪያው ጸሐፊ ስለ ታሳቢዎች የጻፉት አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ተለዋዋጮቹ ሁሉ ኖርማል (የደወል ቅርጽ ያለው ሥርጭት ያላቸው) መሆን አለባቸው የሚል። በነጻ ተለዋዋጮች ላይ እንዲህ ያለ ታሳቢ የለም። ኖርማል መሆን የሚጠበቀው የስህተቱ ክፍል ነው፤ እሱም ናሙናው ሲያድግ አስፈላጊነቱ ይቀንሳል። ስታንዳርድ ኤረሩን በእውነት የሚያበላሹት ሌሎች ናቸው። የስህተቱ ስፋት ከቦታ ቦታ ሲለያይ ዋይት እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበውን ዓይነት ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር መጠቀም ይቻላል፤ ናሙናው ትንሽ ሲሆን ኤች ሲ 3 የሚባለው ማስተካከያ ይመረጣል።

ከዚያ የሚብሰው መዝገቦቹ በክፍል የተቧደኑ ሲሆኑ ነው። በክፍል 30 ተማሪ አለ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ተዛምዶ 0.05 ብቻ ነው፣ የሚፈተነው ተለዋዋጭ ደግሞ በክፍል ደረጃ ያለ ነው፤ ለምሳሌ የማስተማሪያ ዘዴ። የግምቱ ቫሪያንስ (የስታንዳርድ ኤረሩ ካሬ) 1 ሲደመር 29 ሲባዛ በ0.05፣ ማለትም 2.45 ጊዜ ይሰፋል። ይህን ሳያውቅ በተሰላ ሰንጠረዥ ላይ 2.4 የነበረው ቲ ሲታረም 1.53 ይሆናል። የክፍሎቹ ቁጥር ትንሽ ከሆነ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙም ከተማሪዎቹ ሳይሆን ከክፍሎቹ ቁጥር መነሳት አለበት።

እንዲህ ያለውን ዳታ በሚክስድ ሞዴል (በክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነት ለብቻው የሚገምት ሞዴል) የሚያሰላ ሰው «የክፍሎች ቫሪያንስ ዜሮ ነው?» ብሎ መፈተኑ አይቀርም። እዚህ ላይ የተለመደው ካይ-ስኩዌር አይሠራም። ቫሪያንስ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ መላምቱ በፓራሜትሩ ክልል ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ለአንድ ቫሪያንስ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ግማሹ ዜሮ ላይ የተቀመጠ፣ ግማሹ ባለ 1 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ካይ-ስኩዌር የሆነ ቅይጥ ነው፤ የ5 በመቶ ወሰኑም 3.84 ሳይሆን 2.71 ነው። ላይክሊሁድ ሬሺዮው 3.1 ቢወጣ በተለመደው ሠንጠረዥ ፒ-ቫልዩ 0.078፣ በቅይጡ 0.039 ይሆናል። ክፍሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ወይም ከአንድ በላይ ቫሪያንስ አብሮ ሲፈተን ቅይጡም ላይበቃ ይችላል። ያን ጊዜ ቫሪያንሱ ከወጣበት ሞዴል 1,000 ሰው ሠራሽ ዳታ ማመንጨት፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱንም ሞዴሎች አስልቶ ላይክሊሁድ ሬሺዮውን መመዝገብ፣ ከ1,000ው በእኛ ዳታ ከተገኘው የሚበልጡትንና እኩል የሆኑትን መቁጠር ነው። ቁጥሩ 1 ተጨምሮበት ለ1,001 ሲካፈል ፒ-ቫልዩው ይገኛል።